ለሞተርሳይክል ካምሻፍት መምረጥ፦ ለሱሉልታ ዳገትና ለዱከም ሜዳ አንድ ካም አይበቃም

ካምሻፍት፣ ባጭሩ ካም፣ የሞተሩን ቫልቮች በጉብታዎቹ እየገፋ መቼና ምን ያህል እንደሚከፈቱ የሚወስን ዘንግ ነው። ካም ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሊፍት ነው፤ ቫልቩ ስንት ሚሊሜትር እንደሚከፈት። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚነዳ ሞተርሳይክል ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ የመግቢያው ቫልቭ መቼ ነው የሚዘጋው የሚለው ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ 3,000 ይታለፋል። ስለዚህ ሞተሩ ገና ምንም ሳይነካ ሩብ የሚያህል አየሩን ተነፍጓል። ዘግይቶ የሚዘጋ ካም ሲጨመርበት ደግሞ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ ከገባው ላይ የተወሰነውን በመግቢያው መልሶ ያስወጣዋል። በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ከሁለት ወገን ተቀነሰበት ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈውን የካም ምክር እዚህ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ አንብቡት። በባሕር ጠረፍ ላለ አገር «መካከለኛ» የተባለው፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ «ኃይለኛ» ሆኖ ነው የሚሰማው።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ካም በዲግሪ ሲገለጽ፣ ዲግሪው ከስንት ሚሊሜትር መከፈት ጀምሮ እንደተለካ ካልተጻፈ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም። ያው አንድ ካም ቫልቩ ገና ሲነሣ ጀምሮ ቢለካ 280 ዲግሪ፣ ከ1 ሚሜ ጀምሮ ቢለካ 235 ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ሠሪዎች 1.27 ሚሜ ላይ፣ የእስያና የአውሮፓ ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ 1 ሚሜ ላይ ይለካሉ። ማነጻጸር የሚቻለው በአንድ መነሻ የተለኩትን ብቻ ነው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዲግሪዎች ሁሉ ከ1 ሚሜ ጀምሮ የተለኩ፣ በኮሎ (ፒስተኑ በሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዲግሪ የተሰጡ ናቸው።

ምሳሌ እንውሰድ። መግቢያው ከቶፕ (ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከሚደርስበት) 10 ዲግሪ ቀድሞ ይከፈታል፣ ከቦተም (ታችኛው ጫፍ ከሚደርስበት) 40 ዲግሪ አልፎ ይዘጋል። 10 እና 180 እና 40 ሲደመሩ 230 ዲግሪ ይሆናሉ። የጉብታው መሃል የሚገኘው የ230ን ግማሽ ወስዶ 10 በመቀነስ ነው፤ ከቶፕ 105 ዲግሪ በኋላ ይውላል። መውጫው ከቦተም 40 ቀድሞ ከፍቶ ከቶፕ 10 አልፎ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሁለቱ ቫልቮች አብረው ክፍት የሚሆኑበት ጊዜ፣ ማለትም ኦቨርላፑ፣ 20 ዲግሪ ነው። በዚያው 105 መሃል ሁለቱንም ወደ 254 ዲግሪ ብታሳድጓቸው ኦቨርላፑ 44 ይደርሳል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲዞር፣ መንቀጥቀጡን የሚያመጣው ይህ ነው። የዳገቱን ጉልበት የሚወስደው ግን በሌላኛው ጫፍ ያለው የመግቢያው መዘጊያ ነው፤ ከ40 ወደ 52 ተንሸራቷል።

የመዘጊያው ዲግሪ በኮምፕሬሽን ሲመነዘር

የሲሊንደሩ ስፋት 62፣ የፒስተኑ ጉዞ 49.5 ሚሜ የሆነ የ150 ሲሲ ሞተር፣ ኮምፕሬሽኑ (የገባው ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ) 9.2፣ የቤላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘው ክንድ) ርዝመት 92 ሚሜ ነው እንበል። መግቢያው ከቦተም 40 ዲግሪ በኋላ ሲዘጋ ፒስተኑ በእውነት የሚጨምቀው ከ49.5 ሚሜው 45.1ን ነው፤ ትክክለኛው መጭመቅ 8.5 ገደማ ይሆናል። መዘጊያው 55 ሲሆን 41.2 ሚሜ ይቀራል፣ መጭመቁም ወደ 7.8 ይወርዳል። 60 ላይ 39.7 ሚሜና 7.6 ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ሁለት ሰው ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ የሚነሣ ሞተር የሚያጣው ይህንን ነው።

መፍትሔው ካሙን መተው ብቻ አይደለም። በዚያው 55 ዲግሪ ካም ኮምፕሬሽኑን ከ9.2 ወደ 10.2 ብታሳድጉት ትክክለኛው መጭመቅ 8.65 ይሆናል፤ መዘጊያው 40 ከነበረበት ሁኔታ ትንሽ ይበልጣል። ለዚህ የቃጠሎ ክፍሉ ከ18.2 ሲሲ ወደ 16.2 ሲሲ መውረድ አለበት። ከፍታው እዚህ ላይ ይረዳል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ሳይንኳኳ (ነዳጁ በራሱ ሳይፈነዳ) ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ይችላል። ችግሩ ቁልቁል ሲወረድ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር፣ አዋሽ ደግሞ 1,000 አካባቢ ላይ ናቸው። ሱሉልታ ላይ ዝም ያለ ሞተር እዚያ በሙቀት፣ ጭነት ይዞ፣ በተለመደው ቤንዚን ጠጠር የተቀላቀለበት ይመስል ሊንኳኳ ይችላል። ወደ ቆላ የምትመላለሱ ከሆነ 10 ላይ ቁሙ።

ሲጂ ነው ሲቢ?

ከምርጫው በፊት ሞተራችሁ የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ እወቁ። ብዙዎቹ የቻይና 125፣ 150 እና 200 ሲሲ ሞተሮች የሆንዳ ሲጂ ልጆች ናቸው። ካሙ ታች ከኮሎው አጠገብ በጥርስ ይዞራል፣ ቫልቮቹን በፑሽሮድ፣ ማለትም ወደ ላይ በሚገፋ ረጅም ዘንግ፣ ይነዳል። የተለመደው ሲጂ ካም ያለው አንድ ጉብታ ብቻ ነው፤ ያው ጉብታ በየተራ መግቢያውንም መውጫውንም ያነሣል። የዚህ ውጤት ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ዲግሪውን ባሳደጋችሁ ቁጥር ኦቨርላፑም አብሮ ያድጋል፤ መግቢያውንና መውጫውን ለየብቻ ማስተካከል አይቻልም፣ ምክንያቱም በመካከላቸው ያለውን ርቀት የወሰነው የታፒቶቹ (ጉብታው የሚገፋቸው ቁራጮች) አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ለሲጂ ከ235 ዲግሪ በላይ መሄድ ለመንገድ አይመከርም። ከዚህም ሌላ ፑሽሮዱ፣ ታፒቱና ሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ክብደት ስላላቸው በፋብሪካው ሞላ ከ9,000 ዙር በላይ ሞላው ቫልቩን ከካሙ ጋር እኩል መመለስ ያቅተዋል። 10,000 ዙር ላይ ጉልበት የሚሰጥ ካም ለዚህ ሞተር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲቢ የሚባሉት፣ እንደ ቦክሰርና አፓቼ ያሉትም፣ ካማቸው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ውስጥ ሆኖ በካቴና (በሰንሰለት) የሚዞር ነው። መግቢያውና መውጫው የየራሳቸው ጉብታ አላቸው። ምርጫው ይሰፋል፣ መግጠሙ ይቀላል፤ መሳሳቱም ይቀላል።

አራቱ ደረጃዎች

የፋብሪካው ካም በትንንሽ ነጠላ ሲሊንደሮች ላይ በግምት ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ነው። ስለሱ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ካልተበላ ለጭነት የሚሻለው እሱ ነው። ከሰንዳፋ ወደ ለገጣፎ እህል፣ ሲሚንቶና ሰው የሚያመላልስ ሰው ካሙን ትቶ ጄቱን (የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ) እና ኮምፕሬሽኑን ቢያስተካክል ያተርፋል።

ቀላሉ የተሻሻለ ካም ከ220 እስከ 235 ነው። ሊፍቱ ከፋብሪካው ከ0.5 እስከ 1 ሚሜ ይጨምራል፣ መዘጊያው ግን ብዙም አይዘገይም። ለዚህ አካባቢ ከፍ ያለ ዋጋ የምንሰጠው ለዚህ ነው። ቫልቩን ፈጥኖና ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል፤ የገባውን ግን አያስመልሰውም። ከመሃል ዙር ጀምሮ ልዩነቱ ይሰማል፣ ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ይረጋጋል። ለዕለት ሥራ ከዚህ ማለፍ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ከ235 እስከ 250 ያለው መካከለኛው ካም ለሜዳና ለፍጥነት ነው፤ ከቃሊቲ ወደ ገላንና ዱከም በአሮጌው መንገድ ረጅም ርቀት ብቻውን ለሚነዳ። ከ5,000 ዙር በታች ይሰንፋል። ኮምፕሬሽን ሳይነሣ፣ ሞላ ሳይቀየር፣ የፊቱ ፒኞን አንድ ጥርስ ሳይቀነስ ይህንን መግጠም ቅሬታ መግዛት ነው። ሻጩ «ጆሮ ላይ ይሰማል» ካላችሁ እውነቱን ነው፤ ዳገት ላይ ግን ጆሮ አይገፋም።

ከ250 በላይ ለውድድር ነው። ሚኒሞው ከ1,800 ዙር በታች አይቆምም፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጠዋት በብርድ አይነሣም። እንለፈው።

አዲስ፣ የተሞረደ፣ ወይስ ከሌላ ሞተር?

አዲስ የተሻሻለ ካም የሚገዛው ከወረቀቱ ጋር ነው። የመክፈቻና የመዘጊያ ዲግሪ፣ ሊፍት፣ የቫልቭ ክፍተትና የሚመከረው ሞላ ያልተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ያለው የፋብሪካ ካም ኮፒ ሊሆን ይችላል። ሱቁ ውስጥ በካሊፐር ማጣራት ይቻላል። የጉብታውን ሙሉ ከፍታ ለኩ፤ ከዚያ በክቡ ጎን ያለውን ዲያሜትር ቀንሱ። ለምሳሌ 31.0 ሲቀነስ 25.5፣ 5.5 ሚሜ ይሆናል። የሮከሩ ሬሾ 1.3 ከሆነ 7.15 ሚሜ፣ የቫልቭ ክፍተቱ 0.05 ሲቀነስ 7.10 ሚሜ ሊፍት አለው ማለት ነው። አሮጌውን ካም ይዛችሁ ሄዳችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን መለካት ክርክርን ያሳጥራል።

ቶርኖ ቤት የሚሞረደው ርካሽ ነው፣ ግን እንዴት እንደሚሠራ እወቁ። ጉብታው ላይ ብረት አይጨመርም፤ ክቡ ጎን ነው የሚላጠው። ካሙ በጠቅላላው እየቀጠነ ሊፍቱ ያድጋል። ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ የሮከሩ ማስተካከያ ቡሎን ረዝሞ መውጣት ስለሚኖርበት በቫልቩ ራስ ላይ ጠርዝ ለጠርዝ ማሻሸት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ካም ጠንካራ የሚሆነው ከላይ ባለው ስስ በእሳት የጠነከረ ቆዳው ነው። ከግማሽ ሚሜ በላይ የተላጠ ካም ያ ቆዳ ሊያልቅበት ይችላል፤ በቀጭን ሞረድ ጥግ ላይ ስትሞክሩት ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው፣ ከነከሰ ለስላሳ ነውና አትግጠሙት። በኤሌክትሮድ ተበይዶ የተሞላ ካም ደግሞ ልዩ ጠንካራ ኤሌክትሮድ ካልተጠቀሙበት፣ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ አፍንጫው ይደፈጠጣል።

ከሌላ ሞዴል ወስዶ መግጠም አንዳንዴ የተሻለው መንገድ ነው፤ የአንድ ሞተር ቤተሰብ ከፍተኛ ሲሲ ካም ለትንሹ ቀላል ማሻሻያ ይሆናል። የኩሽኔታው መቀመጫ፣ የካቴናው ጥርስ ብዛትና በጥርሱ ላይ ያለው ምልክት ከጉብታው ጋር ያለው አንግል አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ሦስተኛውን ማንም አያይም፤ ሞተሩ እምቢ ሲል ነው የሚታወቀው።

ከመግጠም በፊት የሚለካው

ሞላው ሲጨመቅ ጥቅልሎቹ ተነካክተው እንዳይቆሙ አጣሩ። ተገጥሞ ያለበት ቁመት 34.0፣ አዲሱ ሊፍት 8.5፣ በሞርሳ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ 24.0 ከሆነ፣ የሚቀረው 1.5 ሚሜ ነው። ከ1 ሚሜ በታች ከሆነ ሞላ ቀይሩ። የሞላው ክዳን የቫልቩን ጎማ እንዳይመታም በዚያው ልክ ቢያንስ 1 ሚሜ ይቅር።

ቀጥሎ ፒስተንና ቫልቭ። በፒስተኑ ላይ ቫልቮቹ በሚመጡበት ቦታ 4 ሚሜ ውፍረት ያለው የልጆች ፕላስቲሲን ለጥፉ፣ ቫልቮቹን በዘይት ቀቡ፣ ቴስታታውን በአሮጌ ጓርኒሲዮን አስቀምጣችሁ አጥብቁ። የቫልቭ ክፍተቱን አስተካክላችሁ ኮሎውን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ከጠነከረባችሁ አትግፉ፤ ቫልቭ ነክቷል። ከዚያ ፍቱት፣ ፕላስቲሲኑን በምላጭ ቆርጣችሁ ከሁሉ የሳሳውን ቦታ ለኩ። መግቢያው ከ1.2 ሚሜ፣ መውጫው ከ1.8 ሚሜ ማነስ የለበትም። መውጫው ብዙ የሚፈልገው ሲሞቅ ስለሚረዝምና ፒስተኑ ከኋላው እያሳደደው ስለሚመጣ ነው። ሁለቱም በጣም የሚቀራረቡት ቶፕ ላይ ሳይሆን ከቶፕ 10 ዲግሪ ወዲህና ወዲያ ነው፤ ስለዚህ ቶፕ ላይ ብቻ አይቶ «ይበቃል» ማለት አደጋ አለው።

ቴስታታው ከተላጠ በፒስተኑ ዳርና በቴስታታው መካከል ያለውን ክፍተት የስታኞ ሽቦ አስገብታችሁ ለኩ። ከ0.8 ሚሜ አይነስ። የቃጠሎ ክፍሉን ሲሲ ለማወቅ ከፋርማሲ የተገዛ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅና ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ይበቃል።

በካቴና የሚዞር ሞተር ላይ ሌላ ነገር አለ። ቴስታታው 0.5 ሚሜ ሲላጥ ካቴናው ላልቶ ካሙን ወደ ኋላ ያስቀረዋል። ፒቹ 6.35 ሚሜ በሆነ ካቴናና 34 ጥርስ ባለው የካም ጥርስ ይህ ወደ 1.7 የኮሎ ዲግሪ ነው፤ ይታለፋል። ሙሉ ጥርስ መዝለል ግን 21 ዲግሪ ነው፤ ቫልቭ ያጥፋል ወይም ሞተሩን ያዳክመዋል። ስለዚህ ምልክቱን አምናችሁ አትለፉ። በዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ ኮሎው ላይ እሰሩ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ፒስተኑን የሚያቆም ብረት አስገብታችሁ ከሁለቱም አቅጣጫ ቆሞ ያለበትን አንብቡ፤ የሁለቱ መካከለኛ ትክክለኛው ቶፕ ነው። ከዚያ ዳያል ጌጅ በቫልቩ ላይ አድርጋችሁ 1 ሚሜ ሲከፈትና ሲዘጋ ዲግሪውን አንብቡ። ከወረቀቱ በ3 ዲግሪ በላይ ከተለየ የጥርሱን ቡሎን ቀዳዳ በጥቂቱ አስረዝማችሁ አስተካክሉ። ለዳገት የምትሠሩ ከሆነ ከወረቀቱ 2 ዲግሪ ቢቀድም አይጎዳም፤ መግቢያው ቀደም ብሎ ይዘጋል።

ጄት፣ እሳትና ጥርስ

የፋብሪካው ዋና ጄት ብዙ ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ስለሆነ እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ቁጥሩ በመቶኛ ሚሜ የሆነ ጄት፣ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ሲመጣ ወደ 6 በመቶ ይቀነሳል፤ 100 የነበረው 95 ገደማ ይሆናል። ቀላል ካም ይህንን ብዙ አያናጋም። መካከለኛው ካም ግን በዝቅተኛ ዙር አየሩን በካርቡሬተሩ በኩል መልሶ ይተፋል። የአየር ማጣሪያውን ከፍታችሁ ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ብትይዙት በአፉ ላይ የነዳጅ ጭጋግ ቆሞ ይታያል። ያ አየር ሁለቴ ነዳጅ ጠጥቶ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ መሃል ላይ ይወፍራል፣ ላይ ግን ይቀጥናል። የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ፣ ዋናውን ጄት አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው የሚረዳው። ማጣሪያ አውጥቶ መንዳት «ድምፁ እንዲያምር» የሚደረግ ነው። በሰበታና በለገጣፎ የጥርጊያ መንገድ አቧራ ውስጥ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ብዙ አይቆይም፤ ካሙ ያመጣውን ጉልበት አብሮ ይወስደዋል።

በስስ አየር ነዳጁ ቀስ ብሎ ስለሚነድ የካንዴላውን እሳት 2 ዲግሪ ማስቀደም ይጠቅማል። ቆላ ስትወርዱ መልሱት።

ኮምፕሬሽን በጌጅ ስትለኩ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር አትጠብቁ። ባሕር ጠለል ላይ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ወደ 9 ባር ያሳያል። ይህን ሳያውቁ ደህና ፋሻ የሚያስቀይሩ ብዙ ናቸው። ዘግይቶ የሚዘጋ ካም ከገጠማችሁ ቁጥሩ ከዚያም ይወርዳል፤ የሚነጻጸረው ካሙ በተገጠመ ቀን ከጻፋችሁት ጋር ነው።

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች

አዲስ ካም በአዲስ ታፒትና በታደሰ የሮከር ፊት ነው የሚገጠመው። በአሮጌ ሮከር ላይ የቆየው ጉድጓድ አዲሱን ጉብታ በጥቂት ቀናት ያበላሸዋል። ጉብታዎቹን በሞሊብዲነም ቅባት ቀቡ። ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ካንዴላውን አውጥታችሁ ዘይት ወደ ቴስታታው እስኪደርስ በእርግጫ አዙሩት። ሲነሣ ሚኒሞ ላይ አትተዉት፤ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር እየቀያየራችሁ 20 ደቂቃ ያህል ያዙት። ሚኒሞ ላይ ጉብታው ላይ የሚረጨው ዘይት አነስተኛ ነው፤ የሞላው ጫና ደግሞ በአፍንጫው ላይ ከሁሉ የበዛ ነው። ከዚያ ዘይቱን ድፉ፣ የቫልቭ ክፍተቱን ቀዝቅዞ እንደገና ለኩ። 20ደብልዩ-50 ወይም 10ደብልዩ-40፣ ጃሶ ኤምኤ የሚል የሞተርሳይክል ዘይት ምልክት ያለው ግዙ፤ የመኪና «ኃይል ቆጣቢ» ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የቫልቭ ክፍተቱን ድገሙት። ክፍተቱ ሰፍቶ ከተገኘ ጉብታው ወይም ሮከሩ እየተበላ ነው፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ጉብታውን በባትሪ ብርሃን እዩት። ጤነኛው ወጥ የሆነ የብር ዓይነት ገጽ አለው። አፍንጫው ላይ ቀጭን የተፋቀ መስመር ወይም ሰማያዊ ቀለም ካለ ዘይት አጥሮታል። ክፍተቱ ጠብቦ ከተገኘ ደግሞ ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ነው፤ መውጫው ላይ ይህ ከታየ ሳይቃጠል አስተካክሉት። ሞተሩ ከ8,500 ዙር በላይ ድንገት ተንተባትቦ ጉልበት ካጣ፣ ነዳጅ ከመጠርጠራችሁ በፊት ሞላውን እዩ። ሚኒሞ ላይ በማርሚታ በኩል ፍንዳታ የሚሰማ ከሆነና ጄቱም ትክክል ከሆነ፣ ኦቨርላፑ በዝቶ ያልተቃጠለ ነዳጅ እያለፈ ነው። ሚኒሞውን 200 ዙር ከፍ ማድረግ ካላስታገሰው ካሙ ለሞተሩ በዝቷልና ወደ ቀላሉ መመለስ ነው የሚያዋጣው።